ኒኮላይ ቫቪሎቭ እና የአገር ቤት የአተርና የባቄላ ዘር

በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች የአተርና የባቄላ ምርት ከተወቃ በኋላ ለምግብ የሚውለውና ለዘር የሚቀመጠው ተለይቶ ይከተታል። ለዘር የተመረጠው በጎታ ወይም በስልቻ እስከ ቀጣዩ የዘር ወቅት ይቆያል፤ ዘር ያጠረው ጎረቤት ደግሞ ተበድሮ ወይም በሌላ እህል ለውጦ ይዘራል። ይህን የቆየ ልማድ ውጤቱን በማሳ ላይ ተመልክተው ለዓለም ሳይንስ ካስተዋወቁት ሊቃውንት መካከል ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1887 በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከድሃ የገበሬ መንደር ወጥተው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሰርጌይ ኋላ ታዋቂ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆኑ፣ ኒኮላይ ግን ግብርናን መርጠው በሞስኮ የግብርና ተቋም ተማሩ። ከቀደምት ምርምሮቻቸው አንዱ ሰብሎች በሽታን የሚቋቋሙበትን ምክንያት የሚመለከት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ እንግሊዝ ተጉዘው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ሠሩ። ቤትሰን የመነኩሴውን የግሬጎር ሜንዴልን የአተር ሙከራ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ያስተዋወቁ ሊቅ ናቸው። ሜንዴል አተርን የመረጡት ያለምክንያት አልነበረም። አተር አበባው ከመከፈቱ በፊት በራሱ ብናኝ ስለሚዳቀል ልጁ ወላጁን ይመስላል። ባቄላ ግን እንዲህ አይደለም፤ ንቦች ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ብናኝ ስለሚያመላልሱ የጎረቤት ባቄላ በራስ ባቄላ ዘር ውስጥ ይገባል። በጓሮው ሁለት ዓይነት አተር የሚዘራ ሰው ዘሩን ለየብቻ ለማቆየት ብዙም አይቸገርም። ሁለት ዓይነት ባቄላ የሚዘራ ግን አራርቆ ካልዘራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘሩ ይደባለቅበታል። ይህ ልዩነት ዛሬም ዘር ለሚለዋወጥ ሁሉ ጠቃሚ ነው።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1917 በሳራቶቭ ከተማ ፕሮፌሰር ሆኑ። በዚያም ዝምድና ያላቸው ሰብሎች ተመሳሳይ የለውጥ መስመር እንደሚከተሉ የሚያስረዳውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1920 ይፋ አደረጉ። እንደ ሕጉ አባባል፣ በአተር ዘር ላይ የታየ የቀለም ወይም የቅርጽ ልዩነት በምስርና በጓያ ላይም ይገኛል ተብሎ ይጠበቃል፤ ገና ያልተገኘውም የት እንደሚፈለግ ይታወቃል። በማግስቱ ዓመት በቮልጋ ወንዝ ዳርቻ የደረሰው ታላቅ ረሃብ ደግሞ የሥራቸውን ዓላማ አጸናው። የዓለምን ሰብሎች ዝርያ ሰብስቦ ማቆየት ከረሃብ መከላከያ አንዱ መንገድ እንደሆነ አምነው ወደ ፔትሮግራድ ሄዱ። በዚያ የመሩት ተቋም በጊዜው በዓለም ትልቁን የዘር ስብስብ ያቋቋመ ነው።

ፋርስን፣ ፓሚርን፣ አሜሪካንና አፍጋኒስታንን ካዳረሱ በኋላ ተራው የኢትዮጵያ ሆነ። ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል ገብተው አዲስ አበባ ደረሱ። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ሲሆን፣ የጉዞ ፈቃዱን ያገኙት ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ መኮንን ነበር። ከዚያም በበቅሎ ጭነው፣ ረዳቶችና ጠባቂዎች አስከትለው ዓባይን ተሻገሩ፤ በጎንደርና በአክሱም አልፈው አሥመራ ገቡ። ጉዞው የተደረገው አዝመራው ከገባ በኋላ ስለነበር ዘሩ የሚገኘው በየጎተራውና በየገበያው ነበር። እፍኝ በእፍኝ እየለቀሙ በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ6,000 በላይ ናሙናዎችን ሰበሰቡ።

ቫቪሎቭን ያስደነቃቸው በአንድ ማሳ ላይ የታየው ስብጥር ነው። በአውሮፓ የዘር ነጋዴዎች አንድ ወጥ ዘር በሚያሠራጩበት ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ቀለሙና ቁመቱ የተለያየ ስንዴና ገብስ በአንድነት ይዘራ ነበር። አተርና ባቄላን ቀላቅሎ መዝራትም በደጋው የታወቀ ነው፤ ጠንካራው የባቄላ አገዳ ለተጠማዛዡ አተር ድጋፍ ይሆነዋል፣ አንዱ በበሽታ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። በላይኛው ትግራይ ደቡባዊ ክፍልና በሰሜን ወሎ የሚዘራው፣ በትግርኛ ደቆቆ፣ በአማርኛ ያገር አተር የሚባለው ደግሞ ከሌላው ዓለም አተር ተለይቶ በራሱ ሳይንሳዊ ስም የሚታወቅ ነው። የኖረው ከጎታ ወደ ማሳ፣ ከእናት ቤት ወደ ልጅ ቤት እየተላለፈ ነው።

ቫቪሎቭ ከጉዞው በኋላ ኢትዮጵያን የሰብሎች መገኛ ከሆኑ የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርገው መዘገቡ። በዝርዝራቸው ከጤፍና ከኑግ ጎን አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጓያ፣ አብሽና ግብጦ ተካተዋል። ተከታዮቹ ተመራማሪዎች ይህን ድምዳሜ በከፊል አርመውታል። ጤፍና ኑግ በእርግጥ ከዚህ የበቀሉ ሲሆኑ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ መጀመሪያ የለሙት በመካከለኛው ምሥራቅ አካባቢ እንደሆነ ዛሬ ይታመናል። እርማቱ ግን የገበሬውን ድርሻ ይበልጥ ያጎላዋል እንጂ አያሳንሰውም። ዘሩ ከውጭ የመጣ ከሆነ በኢትዮጵያ ያለው ብዝኃነት በአብዛኛው በዚሁ ምድር ላይ፣ ዘር መርጠው ባስቀመጡ እጆች የተገኘ ነውና።

ቫቪሎቭ በአንድ መሪ ፈቃድ በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ይዘው መውጣታቸው በዘመኑ የተለመደ ነበር። አሠራሩ ዛሬ ተለውጧል። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ስለማግኘት በወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ዘርን ለምርምር ከአገር ማውጣት ፈቃድ ይጠይቃል። የአገር ውስጥ ማኅበረሰቦች እርስ በርስ በልማዳቸው የሚያደርጉት አጠቃቀምና ልውውጥ ግን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ነው። ስለዚህ ለጎረቤቱ አንድ ጣሳ የባቄላ ዘር የሚሰጥ ወይም የሚለውጥ አርሶ አደር በዚህ አዋጅ ፈቃድ አያስፈልገውም። አገሪቱ የራሷን የዘር ባንክ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ተቋሙ በአሁኑ ስያሜው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል።

የቫቪሎቭ የመጨረሻ ዓመታት መራር ነበሩ። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የግብርና ባለሙያ የዘር ውርስ ሳይንስን ክዶ፣ ሰብልን በአጭር ጊዜ መለወጥ እንደሚቻል ለስታሊን መንግሥት ቃል በመግባት ተሰሚነት አገኘ። ቫቪሎቭ ፈጣን ውጤት ቃል አልገቡም፤ ማስረጃ የሌለውን ነገርም አልተቀበሉም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ሲሰበስቡ ውለው ተያዙ። ጓደኞቻቸው ሻንጣቸውን ሲከፍቱ የዚያኑ ቀን የለቀሙትን የስንዴ ዘር አገኙ። በተቋሙ የአተርና የጥራጥሬ ሊቅ የነበሩት ሊዮኒድ ጎቮሮቭም ለመሪያቸው ለመማለድ ሞስኮ ሄደው ታሰሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ተገደሉ።

በዚያው ዓመት ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከበበች። የቫቪሎቭ ባልደረቦች በአተር፣ በሩዝና በስንዴ ናሙና በተሞሉ መደርደሪያዎች መካከል ተርበው፣ ዘሩን ከብርድ፣ ከአይጥና ከተራበ ሕዝብ ሲጠብቁ ከረሙ። በርካቶቹ በረሃብ ሞቱ፤ ስብስቡ ግን አልተበላም። ከተማይቱ ነፃ የወጣችው ከ872 ቀናት በኋላ ነው።

በቫቪሎቭ ላይ የተፈረደው የሞት ፍርድ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢቀየርም በሳራቶቭ እስር ቤት ሰውነታቸው በረሃብ ደቀቀ። ባለቤታቸው ኤሌና ባሩሊና የምስር ሊቅ ነበሩ፤ ስለ ዓለም የምስር ዝርያዎች የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1930 ታትሟል። በጦርነቱ ምክንያት ከልጃቸው ከዩሪ ጋር ወደ ሳራቶቭ ተሰደው ሳለ ባላቸው በሞስኮ ያሉ መስሏቸው ስንቅ ወደዚያ ይልኩ ነበር። ቫቪሎቭ በዚያችው ከተማ፣ ከቤተሰባቸው ጥቂት መንገድ ርቀው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1943 በ55 ዓመታቸው አረፉ።

ፍርዱ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ባሩሊና የባላቸውን ጽሑፎች ለኅትመት በማዘጋጀት ጥቂት ጊዜ ሠርተው ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱ። የኢትዮጵያን ጉዞ የሚተርከው የቫቪሎቭ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1962 ታተመ። ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዚያ የሚቀመጠው ዘር ሕይወቱን እንዳያጣ በየጊዜው እየተዘራ፣ አዲስ ፍሬው ተለቅሞ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።