ናፖሊዮን ቦናፓርትና የንግድ ክልከላው

ስለ ናፖሊዮን ቦናፓርት የጻፉት ሊቃውንት እጅግ ብዙ ናቸው፤ ያብዛኞቹም ነገር የጦር ሜዳ ነገር ነው። እኛ ግን መንግሥቱን ከጠላት መድፍ ያላነሰ የጎዳው የገዛ ዐዋጁ እንደ ሆነ ስለምናስብ፥ ታሪኩን በዚያ በኩል እንመለከተዋለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ናፖሊዮን በ1769 ዓ.ም. ኮርሲካ በምትባል ደሴት ተወለደ። በልጅነቱ ፈረንሳይ አገር ከወታደር ትምህርት ቤት ገብቶ የመድፈኛ መኰንን ሆነ፤ በ1804 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ጫነ። በየብስ የሚቋቋመው አልተገኘም ነበር፤ ነገር ግን በ1805 ዓ.ም. መርከቦቹ በትራፋልጋር ድል ስለ ሆኑ፥ ወደ እንግሊዝ አገር የሚሻገርበት መንገድ ጠፋው። ስለዚህ በጦር ሊደርስበት ያልቻለውን ጠላት በንግድ ሊያደኸየው አሰበ። በኅዳር ወር 1806 ዓ.ም. በርሊን ከተማ ሳለ፥ ለርሱ በሚገዙት አገሮች ሁሉ ከእንግሊዝ ጋራ መነገድ ክልክል ነው ሲል ዐዋጅ አወጣ።

እንዲህ ያለው ዐዋጅ እንደ አጥር ነው፤ አንዲት ቀዳዳ ከቀረችበት ከንቱ ይሆናል። ፖርቱጋል ወደቧን ለመዝጋት ብታመነታ በ1807 ዓ.ም. ጦር ላከባት። የፖርቱጋል ንጉሣዊ ቤተ ሰብም በእንግሊዝ መርከቦች ታጅቦ ወደ ብራዚል ተሻገረና፥ በ1808 ዓ.ም. የብራዚልን ወደቦች ለወዳጅ መንግሥታት ነጋዴዎች ከፈተ፤ ከዚህም ከሁሉ ይልቅ የተጠቀመ እንግሊዝ ነው። በዚያው ዓመት ናፖሊዮን ወንድሙን ዮሴፍን በእስጳንያ ቢያነግሥ ሕዝቡ ተነሣበት፤ ጦርነቱም እስከ 1814 ዓ.ም. ሳይበርድ ሠራዊቱን ፈጀበት።

የሚያስደንቀው ደግሞ የቤተ ዘመዱ ነገር ነው። ታናሽ ወንድሙ ሉዊ የሆላንድ ንጉሥ ነበር። የሆላንድ ኑሮ ከባሕር ንግድ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ሉዊ ለሕዝቡ አዝኖ ኮንትሮባንዱን በዝምታ ቢያልፈው፥ ከወንድሙ ጋራ ተጣልቶ በ1810 ዓ.ም. ዘውዱን ተወ። በፈረንሳይም የቦርዶ ወደብ ሥራ ፈታ። የቀረጥ ገንዘብ ሲጐድል ጊዜ ናፖሊዮን ራሱ የፈቃድ ወረቀት በገንዘብ እየሰጠ የከለከለውን ንግድ አስነገደ፤ እንግሊዝ አገር እህል በተወደደበት ወራት እንኳ የፈረንሳይ ስንዴ ወደዚያ ተጫነ። ዐዋጅ ያወጣው ሰው ራሱ ሲሽረው፥ ጉምሩከኛው በምን አንጀቱ ይጠብቀዋል?

የመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ እስክንድርም በ1807 ዓ.ም. በቲልሲት ውል ክልከላውን ተቀብሎ ነበር። ነገር ግን የመኳንንቱ ሀብት ለእንግሊዝ ከሚሸጡት ከቃጫ፥ ከእንጨትና ከእህል የሚገኝ ነበርና፥ ገበያው ሲዘጋ የሩብል ዋጋ ወደቀ፤ ማጕረምረምም በዛ። በ1810 ዓ.ም. መጨረሻ እስክንድር ገለልተኛ መርከቦችን እያስገባ በፈረንሳይ የቅንጦት ዕቃ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። ለጠቡ የፖላንድ ነገርም ነበረበት፤ ቢሆንም ክልከላው ዋና ምክንያት ነበር። ናፖሊዮን በ1812 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሠራዊት አስከትቶ ዘመተ፤ ሞስኮ ገብቶ እርቅ የሚለምነው ቢያጣ ተመለሰ፤ ረኃብ፥ በሽታና ብርድም ሠራዊቱን ጨረሰው።

ከዚህ ሁሉ መካከል ማንም ያላሰበው አንድ በጎ ነገር ወጣ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው የሸንኮራ ስኳር በመጥፋቱ፥ የጀርመን ሊቅ ማርግራፍ በ1747 ዓ.ም. ከቀይ ሥር ወገን በሆነ ተክል ውስጥ ያገኘው ስኳር ታሰበ። ናፖሊዮን በ1811 ዓ.ም. 32,000 ሄክታር መሬት ይህ ተክል እንዲዘራበት አዘዘ፤ በማግሥቱም ዓመት ዴሌሴር የሚባለው ባለፋብሪካ ሥራው ስለ ሰመረለት ኒሻን ሸለመው። የአውሮፓ ገበሬ እስከ ዛሬ ይህን ተክል ያመርታል።

ናፖሊዮን በ1814 ዓ.ም. ከዙፋኑ ወረደ፤ በ1815 ዓ.ም. ተመልሶ በዋተርሉ ድል ሆነ። ከዚያ በኋላ ወደ ቅድስት ሄለና ተግዞ፥ በግንቦት ወር 1821 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። ይህች ደሴት የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ንግድ ኩባንያ ርስት ነበረች፤ ወደ ሕንድና ወደ ቻይና የሚመላለሱት የኩባንያው የንግድ መርከቦችም ውሃ የሚቀዱት ከርሷ ነበር።