ሳኪቺ ቶዮዳ፤ ከሽመና ዕቃ እስከ አውቶሞቢል

ከአዲስ አበባ ወደ አቃቂ በሰቃ በሚወስደው ጎዳና ላይ ቶዮታ የሚለውን ስም ሳያይ የሚሄድ መንገደኛ የለም። ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ሚኒባስ ይህን ስም ለብሷል፤ ወደ ገጠር የሚወጣው ላንድክሩዘርም ለብሶታል፤ ከቃሊቲ ጉምሩክ ግብሩ ተከፍሎ ለብዙ ዓመታት ሲወጣ የኖረው ብዙው የቤት አውቶሞቢልም እንዲሁ ነበር። በዚያው በአቃቂ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከህንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ጥጥ ሲፈትልና ሲሸምን፣ ብዙ ቤተሰብም ሲያበላ ኖሯል። ተሽከርካሪና ጨርቅ ምን ያገናኛቸዋል የሚል ይኖር ይሆናል። ቋንቋችን ግን ሳያስበው አገናኝቷቸዋል፤ የልብስ መስፊያውንም የመንገዱንም መሣሪያ መኪና እያልን እንጠራለንና። ሁለቱን እንደ ድርና ማግ ያስተሳሰረው ሰው ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ ነው። እነሆ በዚህ ጽሑፍ የእርሱን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ለአንባብያን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳኪቺ በ1867 ዛሬ ኮሳይ በምትባለው ከተማ ክልል ውስጥ ያማጉቺ በምትባል ድኻ የገበሬ መንደር ተወለደ። አባቱ እርሻን ከአናጢነት ጋር አጣምሮ የሚሠራ ሰው ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1868፣ በጃፓን የሜይጂ መንግሥት ተተክሎ አገሪቱ በሯን ለአዲስ ሥልጣኔ ከፈተች። በዚያው በ1868 በእኛ አገር፣ መድፍ በአገራቸው እንዲሠራ በጋፋት ብረት ያስቀለጡት ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሞቱ። አንዱ አገር የእጅ ጥበብን ትምህርት ሲጀምር በሌላው የተጀመረው ተቋረጠ ማለት ነው። ይህን አጋጣሚ አንባቢ በልቡ ይዞ ይቆይልን።

ልጁ ከመጀመሪያ ደረጃ ያለፈ ትምህርት አላገኘም። ከአባቱ ጋር መጋዝና መጥረቢያ ይዞ አናጢነትን ተማረ። ሆኖም ዓይኑ ያረፈው ከእንጨቱ ይልቅ በቤት ውስጥ በሚሠራው ሥራ ላይ ነበር። የመንደሩ ሴቶች፣ እናቱም ጭምር፣ ከእርሻ ሲመለሱ በእጅ የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጠው እስከ ሌሊት ድረስ ይሸምኑ ነበር። ድካሙ ብዙ፣ ገቢው ጥቂት ነው። በ1885 የጃፓን መንግሥት አዲስ መሣሪያ ለሚፈለስፉ ሰዎች መብታቸውን የሚያስከብር ሕግ አወጣ። ይህ ሕግ ለወጣቱ አናጢ እንደ ጥሪ ሆነለት። ሀብትና ዘመድ የሌለው ሰው በአእምሮው ፍሬ ብቻ አገሩን ሊረዳ፣ ራሱንም ሊያስከብር እንደሚችል ተረዳ፤ ከዚያም ወዲያ የሽመናን ዕቃ ለማሻሻል ቆርጦ ተነሣ።

በ1890 በቶኪዮ ታላቅ የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ ሳኪቺ ከቀን ወደ ቀን እየተመላለሰ ከውጭ አገር የመጡትን መኪናዎች ሲመረምር ሰነበተ። በማግሥቱ ዓመት ለመጀመሪያ ሥራው፣ ከእንጨት ለተሠራው የእጅ ሽመና ዕቃ፣ የመንግሥትን የባለቤትነት ማስረጃ ተቀበለ። ሁለት እጅ ይጠይቅ የነበረውን መወርወሪያ አንድ እጅ እንዲያንቀሳቅሰው አደረገ፤ የሥራውም ፍጥነት በግማሽ ያህል ጨመረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን የመከራ ዘመን ነበር። የመንደሩ ሰው ሥራ ፈት፣ አልፎም እብድ ነው ብሎ አማው። እርሻውን ጥሎ እንጨት ሲፈልጥና ሲያፈርስ የሚውል ልጅ ለአባቱም ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በ1894 የበኩር ልጁ ኪይቺሮ ተወለደ፤ ነገር ግን ባልዋ ከሐሳቡ በቀር ሌላ ነገር የማይታየው መሆኑን ያየችው ሚስቱ ቤቱን ትታ ሄደች፤ ሕፃኑም በአያቶቹ እጅ አደገ። የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስናነብ የድሉን ገጽ ብቻ መግለጥ የለብንም። ለዚህ ሰው ሥራ ዋጋ የከፈሉት እርሱ ብቻ አልነበሩም።

ሳኪቺ ክር የሚያጠነጥን መኪና ሠርቶ በመሸጥ ጥቂት ገንዘብ አገኘ፤ በዚያም ገንዘብ በ1896 በጃፓን የመጀመሪያ የተባለውን፣ በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀሰውን የሽመና መኪና ሠራ። ከእንጨትና ከብረት የተሠራ ስለ ነበር ከውጭ ከሚመጣው ይልቅ ዋጋው እጅግ ርካሽ ነበር። ታላላቅ ነጋዴዎች ይህን አይተው ቀረቡት፤ በ1907ም በስሙ የሚጠራ የሽመና መኪና ኩባንያ ተቋቋመ። ነገር ግን ገንዘቡ የሌሎች ነበር። ንግዱ በተቀዛቀዘ ጊዜ ባለአክሲዮኖቹ ጥፋቱን በእርሱ ላይ አሳበው በ1910 ከሥራው እንዲለቅ አስገደዱት። ስሙ በበሩ ላይ ተጽፎ ሳለ እርሱ ከበሩ ውጭ ቀረ።

በዚህ ኀዘን ላይ ሳለ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮጳ ተጓዘ። ፋብሪካዎቹን እየተዘዋወረ ሲያይ የእርሱ መኪና ከነጮቹ መኪና የሚያንስ አለመሆኑን ተገነዘበ። በኒው ዮርክ ይኖር የነበረው ዝነኛው ጃፓናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ታካሚኔ ጆኪቺም ተስፋ እንዳይቆርጥ መከረው። በአሜሪካ ጎዳናዎች ላይ ሲርመሰመስ ያየውም አውቶሞቢል በአእምሮው ተቀረጸ። በ1911 ወደ አገሩ ተመልሶ በናጎያ የራሱን የሽመና ፋብሪካ ተከለ። ኋላም መፍተያ ጨመረበት፤ ምክንያቱም መጥፎ ክር የገባበት መኪና ጥፋቱ የክሩ ይሁን የመኪናው ለመለየት አይቻልም። መኪናውን የሚፈትነው በራሱ ክርና በራሱ ፋብሪካ ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሥራው ደርሰናል። በቀድሞዎቹ የሽመና መኪናዎች ላይ ሁለት ችግሮች ነበሩ። አንደኛው፣ በመወርወሪያው ውስጥ ያለው የማግ ክር ባለቀ ቁጥር ሠራተኛው መኪናውን አቁሞ መወርወሪያውን መለወጥ ነበረበት። ሁለተኛው የባሰ ነው። የሰው እጅ አንዲት የድር ክር ስትበጠስ ወዲያው ይሰማዋል፤ መኪና ግን አይሰማውም። ክሩ ተበጥሶ ሳለ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሠራተኛው እስኪያየው ድረስም ብዙ ክንድ ጨርቅ ይበላሻል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥቂት መኪና አንድ ጠባቂ ሰው ማቆም ግድ ነበር።

ሳኪቺ ለእነዚህ ችግሮች መፍትሔ ሲፈልግ ከ20 ዓመት በላይ ደከመ። በመጨረሻው ልጁ ኪይቺሮ ረዳው። ኪይቺሮ በቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የመካኒክ ምሕንድስና ተምሮ በ1920 የተመረቀ ወጣት ነበር። አባት በእጁ የሚያውቀውን ልጅ በሒሳብና በሥዕል አጸናው። በ1924 የተፈጸመው ጂ የተባለው ዓይነት መኪና የማጉ ክር ሲያልቅ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ባዶውን መወርወሪያ አውጥቶ ሙሉውን ያስገባል። በእያንዳንዱ የድር ክር ላይ የተንጠለጠለች ቀጭን ብረትም አለች፤ ክሩ ሲበጠስ ብረቷ ትወድቃለች፤ ስትወድቅም መኪናው በቅጽበት ይቆማል። አንድ ሰው በአሥር የሚቆጠሩ መኪናዎችን ለመጠበቅ ቻለ። የዚህ ሁሉ ምሥጢር አጭር ነው፤ መኪናው ጥፋት ሲያገኝ ጥፋቱን ከማብዛት ይልቅ ሥራውን ማቆም ተማረ።

በ1926 መኪናውን የሚሠራ ፋብሪካ በካሪያ ከተማ ተቋቋመ። በ1929 ደግሞ የኦልድሃም ከተማ ኩባንያ የሆነው ፕላት ብራዘርስ፣ ከሽመና መኪና ሠሪዎች ሁሉ የታወቀው የእንግሊዝ ድርጅት፣ መኪናውን ለመሥራት የሚያስችለውን መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ኪይቺሮ ከዚያ በፊት በዚሁ ድርጅት ለጥቂት ጊዜ ሥራ ሊለማመድ ሄዶ ነበር። የተማሪው አገር አስተማሪ ሆነ ማለት ነው። የቤተሰቡ ታሪክ እንደሚያወሳው ሳኪቺ ልጁን እርሱ በሽመና መኪና አገሩን እንዳገለገለ ሁሉ ኪይቺሮ ደግሞ በአውቶሞቢል እንዲያገለግል አደራ ብሎታል። አርቆ አሳቢነቱን የሚያሳይ ሌላም ሥራ አለ፤ በ1925 ከነዳጅ የሚበልጥ ኃይል የሚያከማች ባትሪ ለሚፈለስፍ ሰው ሽልማት እንዲሆን 1 ሚሊዮን የን ለመስጠት ቃል ገብቶ ነበር።

ሳኪቺ ቶዮዳ ኦክቶበር 30 ቀን 1930 በ63 ዓመቱ ሞተ። ከ3 ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 2፣ በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተከበረ። በማግሥቱ ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄዱ፤ ያዩትንም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለው መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው አስነበቡ። የ1931 ሕገ መንግሥታችንም በጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ ተዘጋጀ። ከእርሳቸው አስቀድሞ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጃፓንን መንገድ እንድንከተል መክረው ነበር። በዚያው ዘመን ገበያችንን የሞላው አቡጀዲ አብዛኛው ከጃፓን የመጣ ነበር። ከጃፓን ሕጉን ቀዳን፤ ጨርቁንም ገዛን። ጨርቁን የሠራውን መኪና፣ መኪናውንም የሠራውን የአናጢ ልጅ ግን ብዙ ሰው አልጠየቀም።

ኪይቺሮ የአባቱን አደራ ፈጸመ። በ1933 በሽመና መኪናው ፋብሪካ ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል ተከፈተ፤ በ1935 የመጀመሪያው የጭነት መኪና ለሽያጭ ቀረበ፤ በ1936 ቶዮዳ የሚለው ስም ለንግዱ ቶዮታ ተባለ፤ በ1937ም ኩባንያው ራሱን ችሎ ቆመ። ይህን ስንል ነገሩ ሁሉ ቀና ነበር ማለታችን አይደለም። የመጀመሪያው የጭነት መኪና በየመንገዱ ይሰበር ነበር፤ የፋብሪካውም ሰዎች ወደ ተሰበረበት ቦታ እየሄዱ በነጻ ይጠግኑት፣ የተሰበረውንም እያዩ ያሻሽሉት ነበር። በ1950 ኩባንያው ሊወድቅ ተቃርቦ ብዙ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ኪይቺሮም ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1952 ሞተ። በ1957 ወደ አሜሪካ የተላከው ክራውን የተባለው አውቶሞቢል የዚያን አገር ሰፊ ጎዳና ስላልቻለ አፍረው መለሱት።

ታዲያ ዝናው ከየት መጣ? የሳኪቺ መኪና ሕግ ወደ አውቶሞቢሉ ፋብሪካ በመግባቱ ነው። ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ በ1943 ከቶዮዳ የመፍተያና የሽመና ኩባንያ ወደ አውቶሞቢሉ ተዛወረ፤ ያንንም ሕግ ለሰዎች ሥራ አዋለው። በፋብሪካው ውስጥ ማናቸውም ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ ሥራው ሁሉ እንዲቆም ለማድረግ ይችላል። ጃፓኖች ይህን ጂዶካ ይሉታል። የወደቀችው ቀጭን ብረት በሰው እጅ ተተካች፤ ተራው ሠራተኛም አይቶ የመፍረድ ክብር አገኘ።

ይህ ሕግ በተረሳ ጊዜ የሚደርሰውንም ዓለም አይቷል። በ2009 እና በ2010 በነዳጅ መስጫው ፔዳልና በምንጣፉ ምክንያት ኩባንያው በሚሊዮን የሚቆጠሩ አውቶሞቢሎች ለጥገና እንዲመለሱ ጠራ፤ የሳኪቺ የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው አኪዮ ቶዮዳም በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ዝና የሚወረስ ርስት አይደለም፤ ክር በተበጠሰ ቁጥር ቆሞ በመቀጠል የሚጠበቅ ነው።

በአገራችን የቶዮታ ስም ከንግድ ምልክትነት አልፎ የዋስትና ቃል ሆኗል። ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ አባዱላ የሚሉት ስሞች ከልጅ እስከ አዋቂ የታወቁ ናቸው። ሰው የሚመርጠው ኮረኮንች ስለሚችል፣ መለዋወጫው በሱማሌ ተራ ስለማይጠፋ፣ ሲሸጥም ዋጋው ስለማይወድቅ ነው። በ2024 መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ ዘመኑም ወደ ባትሪ እየዞረ ነው። ሳኪቺ ከ100 ዓመት በፊት ሽልማት ለመስጠት ቃል የገባው ለዚሁ ነበር። አሁን በባትሪ የሚሠራውን መኪና ከውጭ ስናስገባ እንደ አቡጀዲው ዘመን ገዢ ብቻ ሆነን እንዳንቀር ያሰጋናል።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። አገራችን ጥበብ አጥታ አታውቅም። ሸማኔያችን በጉድጓዱ ጫፍ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ በእጁ እየወረወረ የሚያወጣው ሸማ፣ ጥለቱም፣ በየትኛውም አገር የሚያስከብር ነው። ያጣነው ለጥበበኛው የሚገባውን ክብር ነው። ሸማኔውን በሙያው፣ ብረት ሠሪውን ቡዳ በማለት ስንሰድብ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ይህም የቶዮዳ ኩባንያ በተቋቋመ በማግሥቱ ዓመት ነው። አዋጁ ወጣ፤ ልማዱ ግን ቶሎ አልለቀቀም። ዛሬም ቢሆን ከእኛ መካከል አባቱ ሸማኔ መሆኑን ለጓደኛው ለመንገር የሚያፍር ተማሪ የለም ብለን ለመማል አንደፍርም።

የሳኪቺ መኪና የተፈጸመው አናጢው አባትና ምሩቁ ልጅ በአንድ ጠረጴዛ በተቀመጡ ጊዜ ነው። አባት ብቻውን ከ20 ዓመት በላይ ደከመ፤ ልጅም ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ከመስቀል ያለፈ ላይሠራ ይችል ነበር። የእኛ ሸማኔ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ልኳል። ልጁ በበዓል ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ የአባቱን የሽመና ዕቃ እንደ ድህነት ምልክት አይቶ ዓይኑን ከመለሰ ትምህርቱ የተበጠሰ ክር ነው። እርሳስና ወረቀት ይዞ ከአባቱ አጠገብ ከተቀመጠ፣ መወርወሪያው ለምን እንደሚዘገይ፣ ድሩ የት ላይ እንደሚበጠስ ከጠየቀው ግን ሥራው ተጀምሯል።