በግራ ክንድ ላይ ያለው ሕፃን፦ ሠዓሊው ኒኮሎ ብራንካሌዮን

በትምህርት ክፍላችን የብራና ሥዕል ርእስ በተነሣ ቁጥር አንድ ነገር አስተውላለሁ። ሥዕሉ ካልገባን ምሥጢር አለው እንልና እናልፈዋለን። እኔ ሞጣ ተወልጄ ያደግሁ እንደመሆኔ፣ ጎጃም ውስጥ በጌቴሴማኒ ማርያም ስለሚገኘው የሥዕል መጽሐፍ ሲወራ ጆሮዬ ይቆማል። መጽሐፉ የእመቤታችንንና የጌታን ሕይወት በሥዕል የሚተርክ ሲሆን ጽሑፉ ግዕዝ፣ የፊትና የልብስ አሣሣሉ ግን የፈረንጅ ነው። ታዲያ ይህን ሁለት ዓይነት ነገር በአንድ ብራና ላይ ማን አገናኘው? ሥዕሎቹ ለብራንካሌዮን ይሰጣሉና፣ የሥዕሎቹን ትርጉም ለማግኘት መጀመሪያ የሰውየውን ሕይወት ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኒኮሎ ብራንካሌዮን የቬኒስ ሰው ነው። ወደ አገራችን የመጣው በ1480ዎቹ አካባቢ ሲሆን፣ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሌሎች ጣሊያኖችም ነበሩ። ዐፄ እስክንድር (1478–1494)፣ ዐፄ ናዖድ (1494–1508) እና ዐፄ ልብነ ድንግል (1508–1540) ሲነግሡ አይቷል። አገሬው መርቆሬዎስ ብሎ ጠራው። ቋንቋውን ለመደ፣ ሀብትና ክብርም አገኘ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሽማግሌ ሠዓሊ አግኝቶታል፤ ሠዓሊ ሆኖ ሳለ እንደ ታላቅ ጌታ መኖሩም ገርሞት ጽፏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብራንካሌዮን በአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሣላት፣ ሕዝቡም ተቆጣ ይባላል። ታሪኩን በሰፊው ያሰራጨው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ሲሆን፣ የሚያስቀምጠውም በዐፄ በእደ ማርያም ዘመን ነው። ይህ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ንጉሡ ያረፉት በ1478 ነውና ሠዓሊው ገና አልደረሰም ማለት ነው። ቁጣው ግን ሊታመን የሚችል ነው። ግራ በእኛ ዘንድ መጥፎ ስም አለው። ግራ ገባኝ እንላለን እንጂ ቀኝ ገባኝ አንልም። በማቴዎስ ወንጌልም በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ ይቆማሉ። እንዲህ ለሚያነብ ሰው፣ ጌታን በግራ ማስቀመጥ ንቀት ይመስላል።

ለጣሊያናዊው ግን በግራ ክንድ መታቀፍ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው የኖረ የተለመደ አሣሣል ነበር። ደግሞ ሌላ አነባብም አለ። ሕፃኑ በእናቱ ግራ ከሆነ፣ እናቱ በእሱ ቀኝ ናት ማለት ነው! ዳዊት በ44ኛው መዝሙር ንግሥቲቱን በንጉሡ ቀኝ ያቆማታል፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም ዛሬ የምስለ ፍቁር ወልዳን ሥዕል የሚያብራሩት በዚሁ ነው። እንግዲህ ያው ሥዕል ከእናቲቱ ከተነሡ ስድብ፣ ከልጁ ከተነሡ ክብር ይሆናል። በኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል ቅጂ ገብቶ ሲስፋፋ፣ ሕፃኑ በግራ ክንድ ላይ ሆኖ በየቤተ ክርስቲያናችን ተሣለ። አንድ ጊዜ አስቆጣ የተባለው ነገር ዛሬ ማንም ቀና ብሎ የሚሳለመው ሆኗል።

ሌሎቹም እንቆቅልሾች በዚህ መንገድ ይፈታሉ። በአገራችን በጸናው ልማድ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። በዚያው ዘመን ጄንቲሌ ቤሊኒ የቬኒስን ገዥ ዶጅ በጎን ሥሎታል፤ ያውም ለክብር። ስቅለቱንም እንይ። በጥንት ወንጌሎቻችን አንዳንዶቹ ላይ መስቀሉ ባዶ ሆኖ በላዩ በግ ይታያል። የጣሊያን ሠዓሊዎች ግን የተሠቃየውን ሥጋ ያሳያሉ። ብራንካሌዮን የመጣው ይህን ይዞ ነው። እርግጥ የፈረንጅ አሣሣል በእሱ ብቻ ገባ የሚለውን አልቀበልም፤ ከእሱ በፊት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን ነበረ።

ስለ ሕይወቱ ስናወራ አንድ የማይረሳ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የመጣ እንግዳ ርስትና ማዕረግ ይሰጠዋል፣ የመመለሻ ፈቃድ ግን አያገኝም። የፖርቱጋሉ ፔሮ ዳ ኮቪልያ እዚሁ አግብቶ ወልዶ ቀርቷል። ብራንካሌዮንም ዕድሜውን እዚሁ ጨረሰ። ቬኒስን በልጅነቱ እንዳያት ብቻ እያስታወሰ፣ በግዕዝ ለሚጸልዩ ሰዎች ሠራ። እኔ ሥዕሎቹ ላይ የሚታየኝ ድብልቅ ከዚህ የመጣ ነው።

ለምን ጎጃም? ንግሥት እሌኒ በጎጃም ጉልት ነበራቸው፣ መርጡለ ማርያምን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ቤተ መንግሥቱና ጎጃም ቅርብ ነበሩ። መንገዱ ግን ቀላል አይደለም። በሞጣ በኩል የምናውቀው ሰባራ ድልድይ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በብራንካሌዮን ዘመን በዓባይ ላይ አንድም የድንጋይ ድልድይ አልነበረም፤ ሰውም ዕቃም የሚሻገረው በመልካ ነው።

አትሮንሰ ማርያም በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለ። ጎጃም ያሉት ሥራዎች ግን ተረፉ። ዳያና ስፔንሰር በጎጃም ተጉዛ በ1974 ባሳተመችው ጽሑፍ የብራንካሌዮን ሥራዎች በዋፋ ኢየሱስ እንደሚገኙ አስታወቀች። ከአልቫሬዝ መጽሐፍ ውጪ ብዙም የማይታወቀው መርቆሬዎስ እንደገና በሥራው መታወቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።