ውሃን ሽቅብ ያስኬደው መሐንዲስ



የዘንድሮው መገናኛችን ነፋስ ስልክ ላፍቶ ሆነና፣ ብዙዎቻችን ልብ ሳንል ሁለት የምህንድስና ምልክቶችን አልፈን ነው ወደ አዳራሹ የገባነው። አንደኛው የሠፈሩ ስም ራሱ ነው። ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ የሌለው፣ መልእክቱ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው፤ በ1920ዎቹ እዚህ የራዲዮ ጣቢያ ሲተከል ሕዝቡ ያወጣለት ስም እስከ ዛሬ ዘልቋል። ሁለተኛው ለቡ ያለው የባቡር ጣቢያ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ መስመር የኤሌክትሪክ ባቡር ከዚህ አቅጣጫ ነው ጉዞውን የሚጀምረው።

ከነፋስ ስልክ በፊት ግን የሽቦ ስልክ ነበረ። ከኤሌክትሪኩ ባቡር በፊት የእንፋሎቱ ነበረ። በዚያው ዘመን የከተማችን የመጀመሪያው የውሃ ቧንቧም ተዘረጋ። ከቧንቧውና ከባቡሩ ጀርባ ያለው ሰው አንድ ነው፤ አባቶቻችን ሙሴ ኢልግ ይሉት የነበረው የስዊዘርላንድ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ። ስሙን ሁላችንም ሰምተናል። ሕይወቱን ግን እንደ ምህንድስና ትምህርት አንብበነዋል ለማለት ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ኢልግ በመጋቢት 1846 ዓ.ም. ፍራውንፌልድ በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለደ። ምህንድስና የተማረው ዙሪክ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ ነው። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓን የእጅ ሥራና ጥበብ የሚያውቁ ሰዎች ይፈልጉ ነበርና፣ ኤደን ላይ በሚነግድ አንድ የስዊስ ድርጅት በኩል ባለሙያ እንዲፈለግላቸው አደረጉ። ዕጣው ለኢልግ ወጣ። ሁለት የእጅ ባለሙያዎች አስከትሎ፣ በዘይላ በኩል በረሃውን አቋርጦ፣ ከብዙ ወራት ጉዞ በኋላ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገባ። ዕድሜው ገና ሃያ አምስት አልሞላም።

እንግዲህ አስቡት። ከፖሊቴክኒክ የወጣ ወጣት ድልድይ፣ ማሽን፣ ፋብሪካ እያለመ ነው የመጣው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ግን ጫማ ነበር ይባላል። ንጉሡ አንድ ጥንድ ጫማ እንዲሠራላቸው አዘዙት፤ እሱም በዲፕሎማው ላይ ጫማ የለም ብሎ አልተከራከረም፣ ሠራ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። መሣሪያውም ማቴሪያሉም በሌለበት ይህ እንደማይሳካ ለማስረዳት ቢሞክርም ንጉሡ አልተቀበሉትም። ከገበያ ከሚገዛው የባሰና የበለጠ ልፋት የጠየቀ ቢሆንም ጠመንጃውንም ሠርቶ አቀረበ ይባላል። ታሪኩ አፍ ለአፍ ሲተላለፍ ትንሽ አጊጦ ሊሆን ይችላል። ፍሬ ነገሩ ግን ለእኛ ሙያ ትልቅ ነው። ምኒልክ ይህን ሰው የፈተኑት በሚያውቀው ነገር አይደለም። የተማረውን ትቶ፣ ፊቱ የተቀመጠውን ችግር ባለው ዕቃ መፍታት ይችል እንደሆነ ነው ያዩት። አመኑትም።

ከዚያ በኋላ ሥራው እየከበደ መጣ። ከሸዋ ወደ ባሕር የሚወርደው የንግድ መንገድ አዋሽ ላይ ሲደርስ ይታነቅ ነበር፤ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ነጋዴውም ከብቱም ቆሞ መጠበቅ ነው። ኢልግ እዚያ ድልድይ እንዲሠራ ታዘዘ። በቦታው ለድልድይ የሚሆን እንጨት የለም፤ ግንዱ ከሩቅ በሰው ትከሻ ተሸክሞ መጣ። ምስማርና ብሎን የሚሸጥበት ሱቅም የለም፤ እዚያው ሜዳ ላይ በእጅ ተቀጠቀጠ። ዛሬ አንድ ዕቃ ከውጭ እስኪገባ ሥራ አቁመን የምንጠብቅ ሰዎች ይህን ስናነብ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም።

ስሙን ከሕዝቡ ዘንድ የተከለለት ግን ውሃው ነው። መንግሥቱ ከእንጦጦ ወርዶ አዲስ አበባ ሲከትም፣ ቤተ መንግሥቱ የቆመው ጉብታ ላይ ነበር። ግቢው በየቀኑ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ይመገብበታል፤ ውሃው ግን በእንስራ፣ በሴቶች ጀርባ እየተቀዳ ነው የሚደርሰው። ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ተራራ ላይ ከሚመነጭ ውሃ ወደ ግቢው የብረት ቧንቧ ዘረጋ።

ችግሩ በተራራውና በግቢው መካከል ሸለቆ መኖሩ ነበር። ቧንቧው መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ጉብታውን ሽቅብ መውጣት አለበት። ውሃ ሽቅብ ሲሄድ ደግሞ ማንም አይቶ አያውቅም። ብዙ ሰው አልሆነም አይሆንም እያለ እንደሳቀ ይነገራል። እኛ ዛሬ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የምናስተምረው ነገር ነው፦ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ መካከል ላይ የፈለገውን ያህል ቢወርድ፣ መውጫው ከመነሻው ዝቅ እስካለ ድረስ ተመልሶ ይወጣል። ቁልቁል በወረደ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨምራል፤ ሽቅብ የሚገፋውም እሱ ነው። ቀመሩ ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ ሌላ ነበር። የከፍታውን ልዩነት በትክክል መቀየስ፣ ከባሕር ወደብ በእንስሳ ጀርባ የመጣ ቧንቧ ሸለቆው ላይ ያለውን ግፊት እንዲችል መገጣጠሚያውን ማጥበቅ፣ ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆሞ ውሃው እስኪመጣ መጠበቅ። አንድ መገጣጠሚያ ቢያፈስ ቀመሩን የሚጠይቅ የለም፤ መሐንዲሱ ዋሸ ነው የሚባለው። ውሃው መጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ባቡር ሲያወራ የሚሰማው ሰው በዛ።

የባቡሩ ነገር ረጅም ነው። በዚያው በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለኢልግ የባቡር መሥሪያ ፈቃድ ሰጡት። ፈቃዱ ለ99 ዓመት ነበር፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ የሚያስኬድ። ከፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቁመው፣ በመካከል የአድዋ ጦርነት ገብቶ፣ ሥራው ጅቡቲ ላይ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሆኖ ተመረጠ፤ ጠባብ ሐዲድ በተራራማ አገር ለመጠምዘዝ ይመቻል፣ ወጪውም ያንሳል።

ሐረር ግን አልተደረሰባትም። ከተማዋ የተቀመጠችበት ተራራ ከበረሃው ጫፍ ብዙ መቶ ሜትር ከፍ ይላል፤ ባቡር ያን ዳገት እንዲወጣ ማድረግ ገንዘቡን ሁሉ የሚጨርስ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ በተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነና በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ጣቢያ ተተከለ። ድሬዳዋ የተወለደችው እንዲህ ነው። አንድ የቅየሳ ውሳኔ ከተማ ፈጠረ፣ የቆየውንም የሐረር ንግድ ወደ ታች አወረደ። የመስመር ካርታ ላይ እርሳስ የምታሳርፉ ሁሉ ይህን አስታውሱ።

ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ቆመ፤ ለዓመታትም አልተንቀሳቀሰም። ያቆመው ተራራ አልነበረም፣ ገንዘብ ነው። ኩባንያው ካፒታሉ አለቀበት። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ባለ ገንዘቦች ተሻሙበት። በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ሰጥቶ በምትኩ በኩባንያው ላይ ሥልጣን ያዘ። ይህ ሁሉ ሲሆን ምኒልክ አልተማከሩም ነበርና ክፉኛ ተቆጡ፤ በአገራቸው ላይ የሚያልፍ መንገድ የባዕድ መንግሥት ንብረት ሊሆን ነው ብለው ሰጉ። ኢልግ ከሁለቱም ወገን ጋር የታሰረ ሰው ሆኖ መካከል ላይ ቀረ። እሱ የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ነው፤ ፈቃዱ የተጻፈው ግን በስሙ ነው። ኩባንያው በ1899 ዓ.ም. ከሰረ። ሥራው በአዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ እጅ ገባ።

ኢልግ በእነዚህ ዓመታት መሐንዲስ ብቻ አልነበረም። አማርኛ አቀላጥፎ ይናገር ስለነበር፣ በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ተሾመ፤ ከአድዋ ድል በኋላ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በተደረጉት ድርድሮች ከምኒልክ አጠገብ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው እንዲመጡ በማድረግም እጁ አለበት። ከገጣሚነት ወደ ነጋዴነት ከዞረው ከአርተር ራምቦ ጋርም በሐረር ዘመኑ ብዙ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። ንጹሕ መልአክ አድርገን ግን አንሣለው። በጦር መሣሪያ ንግድ ውስጥም ነበረበት፤ የባቡሩ ፈቃድ የሳበው መዘዝም የእሱ ድርሻ አለበት። አገልግሎቱም ጥፋቱም የአንድ ሰው ናቸው።

በመጨረሻ ተሰሚነቱ እየቀነሰ ሄዶ፣ በ1899 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን ለቆ ከባለቤቱ ከፋኒና ከልጆቹ ጋር ዙሪክ ኖረ። ከኢትዮጵያ የወሰዳቸው ዕቃዎችና ፎቶግራፎች ዛሬም በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. አረፈ። በእኛ የልደት በዓል ዕለት ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ኢልግ ከሞተ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ። ምኒልክም አላዩትም።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት እኛ ምን እንውሰድ? እኔ ሁለት ነገር አያለሁ።

አንደኛው የጫማው ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተመራቂ ተማሪዎች ጋር በዚሁ በደቡቡ የከተማችን ክፍል ወዳለ አንድ ፋብሪካ ሄድን። ጥናታችን የተዘጋጀው ቢሮ ቁጭ ብለን ነው፤ የማምረቻ መስመሩን በኮምፒውተር ሞዴል ለማሻሻል። ሞዴሉ ያምር ነበር። የጥገናው ሽማግሌ ግን ጨርሰን ስንወጣ ፓምፕ ክፍሉን ከፍተው፣ በየወሩ የሚበጠስ አንድ የጎማ ማጠባበቂያ አሳዩን። ፋብሪካውን የሚያቆመው እሱ ነበር። እዚህ አገር ቢሠራ የፋብሪካው ዓመት ይለወጥ ነበር፤ ጥያቄው ግን እኛ ጥናት ውስጥ አልገባም። ጥናቱ ከፍተኛ ውጤት አግኝቶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። ጫማ ሲታዘዝ ድልድይ ይዤ ነው የሄድኩት።

ሁለተኛው ኢልግ ያላደረገው ነገር ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ምኒልክን አገለገለ፤ ቧንቧውን ዘረጋ፣ ድልድዩን ሠራ፣ ባቡሩን አስጀመረ። ትምህርት ቤት ግን አልተወም። የምህንድስና ኮሌጅና የሕንፃ ኮሌጅ የተከፈቱት በ1940ዎቹ ነው፤ እሱ አንኮበር ከገባ ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ። የባቡሩ እውነተኛ ውርስ ምናልባት የድሬዳዋው ወርክሾፕ ነው። እዚያ ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገር መካኒክ፣ ብየዳና ቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ ወጣ፤ ሞተር ሲበላሽ ፓሪስን ሳይጠብቅ የሚጠግን ትውልድ። ሐዲዱ አርጅቶ ከቆመ በኋላም እነዚያ ሰዎች የሚያውቁት ነገር አብሯቸው ነበር። የገንዘቡን ስምምነት ሌላው ጽፎት ባቡሩ ከእጃችን ወጣ፤ እጅ ውስጥ የገባውን ሙያ ግን ማንም አልወሰደውም።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ትንሽ ነገር ቢጀምር እላለሁ። እያንዳንዳችን የምንሠራበት ቦታ፣ ፋብሪካ ይሁን መንገድ ይሁን ውሃና ፍሳሽ፣ በዓመት አንድ ሥራ የሚያቆም ችግር በግልጽ ጽፈን ወደ ትምህርት ክፍላችን እንላክ። መምህራኖቻችን ደግሞ ከእነዚህ አንዱን ለመመረቂያ ሥራ ይስጡ፤ ተማሪው ሲጨርስም ማብራሪያውን መጀመሪያ ለጥገና ሠራተኛው፣ ቀጥሎ ለፈታኞቹ ያቅርብ። የሚቀጥለው ዓመት መጽሐፍ ላይ ስንት ችግር እንደተፈታ ብንጽፍ ደስ ይለኛል፤ አንድም ቢሆን።

መልካም የመገናኛ በዓል ይሁንላችሁ። ስትመለሱ በለቡ በኩል ካለፋችሁ ለሙሴ ኢልግ አንድ ጊዜ አስቡለት።