ሩዶልፍ ዲዝልና የጣርማበር ዳገት

ናፍጣ የሚለውን ቃል በአገራችን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወፍጮ ቤቱ ይፈልገዋል፣ ጄኔሬተሩ ይፈልገዋል፣ ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማበርን እያቃሰተ የሚወጣው አይሱዙም ያለ እሱ አይንቀሳቀስም። ይሁን እንጂ በናፍጣ የሚሠራው ሞተር የሚጠራበት ዲዝል የሚለው ስም የአንድ ሰው የቤተሰብ ስም መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፌ የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ አሳጥሬ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ስንት ታላላቅ መሐንዲሶች እያሉ ለምን እሱን መረጥክ ብትሉኝ ምክንያት አለኝ። በእኛ አካባቢ የመካኒካል ተማሪ መሆኔን የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ቤንዚን ይሻላል ወይስ ናፍጣ? ጠያቂዎቹ ለጨዋታ ብለው አይደለም። አንዱ የዓመታት ዕቁቡን አውጥቶ ትንሽ መኪና ሊገዛ ነው፣ ሌላው ቤተሰቡን በሚኒባስ የሚያስተዳድር ነው። ለእነሱ የአንድ ሊትር ልዩነት ማለት የልጅ ደብተር ማለት ነው። የዲዝል ሕይወት ደግሞ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ሲያሳድድ የኖረው ከአንድ ኪሎ ነዳጅ ስንት ሥራ ይገኛል የሚለውን ነገር ነውና።

ልጅነቱ

ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን ባቫርያ ሄደው እዚያ የሰፈሩ ሲሆን፣ አባቱ መጽሐፍ በመጠረዝና የቆዳ ዕቃ በመሥራት የሚተዳደር የእጅ ባለሙያ ነበር። ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ ነበር ማለት ይቻላል። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሺያ መካከል ጦርነት ሲነሳ ጀርመናውያን ከፓሪስ እንዲወጡ ተደረገ። ቤተሰቡም ወደ ለንደን ተሰደደ። የ12 ዓመቱ ሩዶልፍ ግን ብቻውን ወደ ጀርመን፣ ወደ አውግስቡርግ ከተማ፣ አጎቱና አክስቱ ዘንድ ተላከ። አጎቱ የሒሳብ መምህር ነበር።

ገና በ14 ዓመቱ መሐንዲስ እንደሚሆን ለወላጆቹ ጽፎ አሳወቀ። ወላጆቹ ቶሎ ሥራ ይዞ እንዲረዳቸው ይፈልጉ ነበር፤ እሱ ግን የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሙኒክ ወደሚገኘው ፖሊቴክኒክ ገባ። ፈተና በሚወስድበት ጊዜ ታይፎይድ ይዞት ከጓደኞቹ ጋር ሳይመረቅ ቀረ። እንደ ዳነ ስዊዘርላንድ ሄዶ በሱልዘር ፋብሪካ እየሠራ ተለማመደና በ1880 መጀመሪያ ላይ ተመልሶ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። በሽታና ችግር እያለ ትምህርቱን አለማቋረጡ ለእኛ ለተማሪዎች ትምህርት የሚሆን ይመስለኛል።

ከመምህሩ የሰማው ነገር

በሙኒክ ካስተማሩት አንዱ የማቀዝቀዣ ማሽን ሊቅ የነበረው ካርል ፎን ሊንደ ነው። ሊንደ ስለ ሙቀትና ሥራ ሲያስተምር በዘመኑ የነበረው የእንፋሎት ሞተር የነዳጁን ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ቢበዛ አሥር በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን ያስረዳ ነበር። በእኛ አነጋገር፣ አሥር ከረጢት የድንጋይ ከሰል ብታነድ የዘጠኙ ሙቀት በጭስ ማውጫው ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ነገር ወጣቱን ዲዝል እንቅልፍ ነሳው። እኛስ ይህንኑ ቴርሞዳይናሚክስ ስንማር ስንቶቻችን ነን እንቅልፍ ያጣነው? እኔ እንደማውቀው ከፈተና ሌሊት በቀር ማንም።

ከተመረቀ በኋላ ፓሪስ ውስጥ በሊንደ የበረዶ ፋብሪካ ሥራ ያዘ። በ1883 ማርታ ፍላሼ የተባለች ሴት አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ። ቀን የማቀዝቀዣ ማሽን እየሠራ በትርፍ ጊዜው አዲስ ሞተር ያስብ ነበር። በመጀመሪያ በውኃ እንፋሎት ፋንታ የአሞኒያ እንፋሎት ሞከረ፤ በኋላ ግን ይህን ትቶ በራሱ በአየሩ መሥራት ጀመረ።

ሐሳቡን ለመረዳት የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው መሆን ይበቃል። ጎማ ስንነፋ ፖምፓው ይሞቃል፣ አየር ሲታመቅ ይግላልና። ዲዝል አየርን አብዝቶ ቢያምቁት ነዳጅ እስኪያቀጣጥል ድረስ ይግላል፣ ካንዴላም አያስፈልግም አለ። የቤንዚን ሞተር የሚያምቀው አየርና ነዳጅ ተቀላቅለው ስለሆነ ከልክ በላይ ከታመቀ ያለጊዜው ነድዶ ይንኳኳል። ስለዚህ እመቃው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ብቻ ነው። የናፍጣው ሞተር ግን አየር ብቻውን ስለሚያምቅ እስከ 20 እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። እመቃው በበዛ ቁጥር ከአንድ ዓይነት ሙቀት የሚገኘው ሥራ ይበዛል። ናፍጣ ቆጣቢ ነው የሚባለው አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

ከወረቀት ወደ ብረት

ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ጠየቀ፣ በ1893 አገኘ፤ በዚያው ዓመትም ስለ ሞተሩ መጽሐፍ አሳተመ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሞተሩ ተአምር ነበር። ግን ብረቱ የወረቀቱን አልሰማም። በነሐሴ 1893 አውግስቡርግ በሚገኘው የማሽን ፋብሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ሰው ሊፈጅ ለጥቂት ተረፈ። ሞተሩ በራሱ ኃይል ለአንድ ደቂቃ ያህል የዞረው በየካቲት 1894 ነው። የድንጋይ ከሰል ዱቄት አነድዳለሁ ያለው ሐሳብም አልሠራም። የሚፈለገው ግፊት እጅግ ከፍተኛ ስለነበር ስሌቱን ማሻሻል ነበረበት።

በመጨረሻ በየካቲት 1897፣ ማለትም ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ ሞሪትስ ሽሬተር የተባለ የሙኒክ ፕሮፌሰር ሞተሩን በገለልተኛነት ለካው። ውጤቱ 26.2 በመቶ ሆነ። በእንፋሎቱ አሥር በመቶ ላይ ይህ ትልቅ እመርታ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ዲዝል ስሌቴ ይበቃል አላለም፤ ሌላ ሰው ይለካው ብሎ ፈቀደ። የተገኘው ቁጥር ከመጀመሪያ ሕልሙ በጣም ያነሰ ቢሆንም ዓለም ያመነው በሕልሙ ሳይሆን በተለካው ነው።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። በመሞከሪያው ክፍል ያማረው ሞተር ደንበኞች ዘንድ ሲደርስ ማስቸገር ጀመረ። የተሸጡት የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች እየተበላሹ ስሙን አስነቀፉት። ገንዘብ እንደ ጎርፍ ቢመጣለትም በክስና በኪሳራ ንግድ አለቀ። ጤናውም ታወከ። በሙከራ ክፍልና በመንገድ መካከል ያለው ልዩነት የመጀመሪያ ተጎጂው ራሱ ዲዝል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩ ወደ እኛ ሲመጣ

ይህ ልዩነት ዛሬም አለ። በአውሮፓ ትናንሽ መኪናዎች የሚለኩበት የቀድሞው ሙከራ የሚደረገው በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ በሮለር ላይ፣ 20 ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነበር። ዳገት የለም፣ ጭነት የለም፣ ነፋስ የለም። ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት በወረቀቱና በመንገዱ ፍጆታ መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ሄዶ በ2015 ገደማ ወደ 40 በመቶ ደርሶ ነበር። በዚህ ምክንያት ከ2017 ጀምሮ ሙከራው በሌላ ተተካ። እንግዲህ በአውሮፓ ሜዳ እንዲህ ከሆነ በእኛ አገር ምን ሊሆን ነው?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር፣ ፖምፓው ለቆላ አየር እንደተስተካከለ ከቀረ፣ ሙሉ ነዳጅ ይረጫል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን አይበቃውም። በዳገት ላይ የምናየው ጥቁር ጭስ ያልነደደ ነዳጅ ነው፤ ሹፌሩ ገንዘቡን ነው ወደ ሰማይ የሚለቀው። ቱርቦ ያለው የጠፋውን አየር በከፊል ይመልሳል። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ የቤንዚን መኪናዎችም በከፍታ ላይ ነዳጅ ይበዛባቸዋል። እንደ ቪትዝ ያሉት በኮምፒውተር የሚመሩት ግን ነዳጁን ከአየሩ ጋር ያመጣጥናሉ፤ ጉልበታቸው ቢቀንስም እንደ አሮጌዎቹ አያባክኑም።

አሁን ዳገቱን እናስላ። ሸዋ ሮቢት ወደ 1300 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን የከፍታው ልዩነት 1500 ሜትር ያህል ነው። ከነተሳፋሪው 1200 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ መኪና ይህን ለመውጣት ብቻ ወደ 17.7 ሜጋጁል ሥራ ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 36፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 32 ሜጋጁል ይይዛል። የናፍጣው ሞተር ብቃት 30፣ የቤንዚኑ 25 በመቶ ነው ብንል፣ ለዳገቱ ብቻ ናፍጣው 1.6 ሊትር፣ ቤንዚኑ 2.2 ሊትር ይፈጃል። ይህ በሜዳ ከሚፈጀው በላይ የሚጨመር ነው፤ ጣርማበር ላይ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሳንቆጥር ማለት ነው።

ከዚሁ ስሌት ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ናፍጣ ከሚያሳየው ብልጫ የተወሰነው የሞተሩ ሳይሆን የፈሳሹ ነው። ናፍጣ ከቤንዚን ስለሚከብድ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአሥር በመቶ በላይ ተጨማሪ ሙቀት አለው። ስለዚህ በሊትር ሳይሆን በብር ማወዳደር ይሻላል። ሁለተኛ፣ መንገዱ ራሱ ፍጆታውን ይወስናል። ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ መኪናዬ ምንም አይበላም የሚል ሰው፣ ሲመለስ ደግሞ ቀዳዳ ታንከር ሆነ ይላል። ሁለቱም ልክ አይደለም፤ ደርሶ መልሱ ነው የሚለካው።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥታችሁ እንዳትወርዱ። ፍሬን ይግልና ይከዳል። አብዛኞቹ የአሁን ሞተሮች ደግሞ ማርሽ ውስጥ ሆነው ሲወርዱ፣ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ፣ ነዳጅ መርጨታቸውን ጭራሽ ያቆማሉ። ስለዚህ በማርሽ መውረድ ሕይወትም ነዳጅም ያተርፋል።

ሚኒባስ የሚነዳው አጎቴ ሲጠይቀኝ የሰጠሁት መልስም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሞልቶ ጭኖ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ቀኑን ሙሉ ረጅም መንገድ ለሚሠራ ሰው ናፍጣ ይሻላል። በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት አስነስቶ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብቻ ለሚል ሰው ግን የናፍጣው ሞተር ሳይሞቅ ጉዞው ያልቃል። ፖምፓውና ኢንጀክተሩ ሲበላሹ የሚጠየቀው ገንዘብም የቆጠበውን ይውጠዋል። ለእሱ ትንሽ የቤንዚን መኪና ትበቃዋለች።

ፍጻሜው

ዲዝል በመስከረም 1913 መጨረሻ ላይ ድሬስደን በተባለች መርከብ ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ ሌሊት ጠፋ። ከቀናት በኋላ የአንዲት የሆላንድ ጀልባ ሠራተኞች አስከሬን ባሕር ላይ አገኙ፤ ከኪሱ የተገኙት ዕቃዎች የእሱ መሆናቸውን ልጁ አረጋገጠ። ራሱን አጠፋ፣ ወድቆ ነው፣ ተገድሎ ነው ተብሎ ብዙ ተወርቷል፤ እርግጡ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ትቶት የሄደው ዕዳ ብዙ ነበር። በዚያው ዓመት እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት፣ ከአንኮበር ሸዋን የገዙት አፄ ምኒልክም አረፉ። ሁለቱ በአንድ ዘመን ኖረው በአንድ ዓመት ማለፋቸው ይገርመኛል።

በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ለገበያ የቀረቡት እሱ ካለፈ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1936፣ እንደ መርሴዲስ 260 ዲ ባሉት ነው። ዛሬ ደግሞ ዘመኑ ሌላ እየሆነ ነው። አገራችን ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ቢሆንም ቀድመው የገቡት ገና ለብዙ ዓመታት ይህን ዳገት መውጣታቸው አይቀርም፤ ነገ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ይሄዳሉ የሚል የራሳቸው የወረቀት ቁጥር አላቸው።

እንግዲህ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ከዲዝል ሕይወት ብዙ ነገር መውሰድ እንችላለን። እኔ የወሰድኩት ግን ሻጭ የነገረንን፣ ካታሎግ የጻፈውን፣ ራሳችን ያሰላነውንም ቢሆን መንገድ ላይ ሳንለካ አለማመንን ነው። አለካኩ ቀላል ነው። ታንከሩን አፉ ድረስ ሙሉ፣ የኪሎ ሜትሩን ንባብ መዝግቡ፣ ደርሳችሁ ተመለሱ፣ እዚያው ማደያ እንደገና ሙሉና የገባውን ሊትር በሄዳችሁት ኪሎ ሜትር አካፍሉ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ አራት አምስት ጊዜ ደጋግሙት። በየሠፈራችን ያሉ ሹፌሮችን አስተባብረን የደብረ ብርሃን አንኮበርንና የደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢትን መንገድ እንዲህ ብንለካ፣ ዕቁቡን ይዞ ለሚጠይቀን ሰው የምንሰጠው መልስ የራሳችን ይሆናል።

ቸር እንሰንብት።