ታማሚ አልጋ አጠገብ ያስተማሩት ሐኪም

አምና አያቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች አልጋዋን ከበው አየሁ። አንድ ትልቅ ሐኪም ይጠይቋቸዋል፣ እነሱም ተራ በተራ ደረቷን ያዳምጣሉ። በጣም ተናደድኩ። ለምንድነው በአያቴ የሚለማመዱት ብዬ። በኋላ ስለዚህ ነገር ሳነብ ይህን አሠራር በአሜሪካ ካስፋፉት ሰዎች አንዱን፣ ዶክተር ዊልያም ኦስለርን አገኘሁ።

ኦስለር እ.ኤ.አ. በ1849 ካናዳ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ነበሩ። እሳቸው ግን ልጅ እያሉ ረባሽ ስለነበሩ ከትምህርት ቤት ተባረው ያውቃሉ! (የኛ ክፍል ረባሾች ይቺን እንዳትይዟት።) በ1872 ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ።

በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሕክምና ተማሪዎች አዳራሽ ተቀምጠው መምህር ሲናገር ሰምተው፣ በሽተኛ እምብዛም ሳይነኩ ይመረቁ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ኳስ ሳይነካ በደብተር ብቻ አጥቂ የሆነ ሰው!

ኦስለር በ1889 ባልቲሞር ከተማ በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዋና ሐኪም ሆኑ። በ1893 የሕክምና ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ተማሪዎቹን ታማሚዎች የተኙበት ክፍል ድረስ ይዘዋቸው ገቡ። ተማሪው ሕመሙ መቼና እንዴት እንደጀመረ ራሱ ይጠይቃል። ከዚያ በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይዳስሳል፣ ደረትና ሆድ በጣቱ መታ መታ እያደረገ ድምፁን ይለያል፣ መጨረሻ ላይ በማዳመጫ ያዳምጣል። ደምና ሽንትም ራሱ በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። የተመረቁት ወጣት ሐኪሞች ደግሞ እዚያው ሆስፒታል እየኖሩ ይሠሩ ነበር።

በ1905 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ሄደው ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1917 ግን በጦርነቱ ብቸኛ ልጃቸው ሬቨር ቤልጂየም ውስጥ ቆሰለ። ሊያድኑት ከተሰበሰቡት ሐኪሞች መካከል ባልቲሞር አብረዋቸው የሠሩት ሃርቬይ ኩሺንግ ነበሩበት። አልተረፈም። ገና 21 ዓመቱ ነበር። ይቺን ጋ ስደርስ ማንበብ አቆምኩና ቆይቼ ቀጠልኩ።

ኦስለር በ1919 በ70 ዓመታቸው አረፉ። ብዙ የታወቀ መጽሐፍ የጻፉ ሰው ሆነው ሳለ፣ መቃብራቸው ላይ እንዲጻፍ የሚመኙት ተማሪዎችን ታማሚ አልጋ አጠገብ ማስተማራቸውን ብቻ ነበር።

አያቴ ድና ወጥታለች። ያን ቀን ከተማሪዎቹ አንዷ፣ የማዳመጫውን ብረት ደረቷ ላይ ከማድረጓ በፊት በመዳፏ ጨብጣ ስታሞቀው አይቼ ነበር። አያቴ እስከ ዛሬ ያቺ ልጅ ተመርቃ ይሆን እያለች ትጠይቀኛለች። እኔ በምን አውቃለሁ!