«ጋላቢው ሻለቃ» ያልጋለበባቸው ዓመታት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ክረምት ሃንጋሪያዊው ፈረንስ ፑሽካሽ ለሪያል ማድሪድ ሲፈርም ዕድሜው 31 ነበር። ቦርጩ ገፍቷል፤ ከአንድ ዓመት በላይም ይፋዊ ጨዋታ አላደረገም። የጣሊያን ክለቦች ዕድሜውንና ክብደቱን አይተው ፊታቸውን አዙረውበታል። በዚያ ሰውነት ተከላካይን አምልጦ ግብ ማስቆጠር ይችላል ወይ የሚለው ጥርጣሬ የሚያስገርም አልነበረም። ለፑሽካሽ ግን ጉዳዩ የእንጀራ ነበር።

በ1927 ቡዳፔስት የተወለደው ፑሽካሽ ያደገው አባቱ በተጫወተበትና ባሠለጠነበት በኪሽፔሽት ክለብ ነው። ክለቡ በ1949 ወደ ሠራዊቱ ተዛውሮ ሆንቬድ ሲባል ተጫዋቾቹ ወታደራዊ ማዕረግ ተሰጣቸው፤ እንግሊዞችም ፑሽካሽን «ጋላቢው ሻለቃ» ብለው ጠሩት። ስሙ ግን ከሥራው ጋር ብዙም አይገጥምም።

ለዚህ ምስክሩ ኅዳር 25 ቀን 1953 በዌምብሌይ ያስቆጠራት ግብ ናት። ከግቡ አጠገብ በስተቀኝ ኳስ ሲደርሰው የእንግሊዙ አምበል ቢሊ ራይት ሊነጥቀው ተንሸራቶ ገባ። ፑሽካሽ አልሮጠም፤ በግራ እግሩ መርገጫ ኳሷን ወደ ኋላ ጎተታት። ራይት ባዶ ሣር እየጠረገ ሲያልፍ ኳሷ መረብ ላይ አረፈች። ሃንጋሪ 6 ለ 3 አሸነፈች፤ እንግሊዝም ከብሪታንያ ደሴቶች ውጭ በመጣ ቡድን በሜዳዋ ስትሸነፍ የመጀመሪያዋ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት በስዊዘርላንድ የዓለም ዋንጫ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። ሳያገግም በገባበት የፍጻሜ ጨዋታ በ6ኛው ደቂቃ ግብ ቢያስቆጥርም፣ ለአራት ዓመታት ያልተሸነፈው ቡድን በምዕራብ ጀርመን 3 ለ 2 ተረታ። በ1956 በሃንጋሪ ሕዝባዊ ዐመፅ ጊዜ ሆንቬድ ውጭ አገር ወጥቶ ነበር። ፑሽካሽ አልመለስም አለ፤ ከጨዋታም ታገደ። ቦርጩ የዚያ እገዳ ትርፍ ነው።

ማድሪድ ውስጥ ታዲያ ምን አዳነው? መጀመሪያ ግራ እግሩ፦ ሩቅ ሳይንደረደር፣ እግሩን ብዙ ወደ ኋላ ሳይስብ አክርሮ ይመታል፤ ግብ ጠባቂው ለመዘጋጀት ጊዜ አያገኝም። ሁለተኛው አቋቋሙ ነው፤ ኳሷ የምትደርስበትን ቦታ አስቀድሞ ስለሚያውቅ መሽቀዳደም አያስፈልገውም ነበር። ይሁንና ፍጥነት ማጣቱ ምንም አላጎደለበትም ማለት እውነት አይሆንም። ከግማሽ ሜዳ ኳስ ይዞ ተከላካዮችን በሩጫ ጥሎ መሄድ የእሱ ድርሻ አልነበረም፤ ያንን የሚያደርግለት ሰው ያስፈልገው ነበር። በሃንጋሪ ዞልታን ቺቦር፣ በማድሪድ ደግሞ እንደ ነፋስ የሚከንፈው ፍራንሲስኮ ሄንቶ በግራ ክንፍ ይሮጡለት ነበር። ሁለት ታላላቅ ቡድኖች፣ በሁለቱም ፈጣን የግራ ክንፍ፤ ይህ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም።

ግንቦት 18 ቀን 1960 በግላስጎው ከ127,000 በላይ ተመልካች በተገኘበት የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሪያል ማድሪድ አይንትራክት ፍራንክፈርትን 7 ለ 3 ሲያሸንፍ ፑሽካሽ አራቱን፣ አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ ሦስቱን አስቆጠሩ። ከአራቱ አንዷ ከጠባብ አንግል ወደ መረቡ ጣሪያ የተላከች፣ ሌላዋ ፍጹም ቅጣት ምት፣ አንዷ ደግሞ ሄንቶ በክንፍ በርሮ ያሻገራትን በግንባር የገጫት ነበረች። ረጅም ሩጫ የጠየቀችው ግብ ብትኖር የሄንቶ እግር የከፈለላት ናት።

በ1962 ፍጻሜ፣ በ35 ዓመቱ፣ ቤንፊካ ላይ ሦስት ግብ አስቆጥሮ ቡድኑ 5 ለ 3 ተሸነፈ። በስፔን ሊግ በ180 ጨዋታዎች 156 ግቦችን አስመዝግቦ አራት ጊዜ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ የመጨረሻውን ሲያገኝ 37 ዓመቱ ነበር።

በ1966 ጫማውን ሰቀለ። በ1971 የግሪኩን ፓናቲናይኮስ እያሠለጠነ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ አበቃው፤ ጨዋታው የተደረገው ቢሊ ራይትን ባለፈበት በዌምብሌይ ነበር፤ በአያክስ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ወደ አገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሰው በ1981 ሲሆን፣ ኅዳር 17 ቀን 2006 በ79 ዓመቱ ቡዳፔስት ውስጥ አረፈ። የከተማዋ ታላቁ ስታዲየም ገና በሕይወት ሳለ በስሙ ተሰይሞለት ነበር።